ስልሳ ሦስተኛው ስልክ

ገረመው መዶሻዋን የገዛት ለስልክ ብሎ አልነበረም። የተማሪ ወንበር እግሩ ሲላላ ምስማሩን መልሶ ለመምታት ብሎ ነው ገርጂ ከአንድ ሱቅ ያነሳት። እጀታዋ ባሕር ዛፍ፣ ራሷ ከሕፃን ጡጫ የማይበልጥ ትንሽ መዶሻ ነበረች። ዩኒት ሊደር፣ የተማሪ ሥነ ሥርዓት ተቆጣጣሪ፣ ተብሎ ሲሾም ከፊሽካውና ከቁልፍ ዘለላው ጋር መሳቢያ ውስጥ ወረወራት። እሷም ምስማር እየመታች ታረጅ ይሆናል ብሎ እንጂ ሌላ ሥራ ይገጥማታል ብሎ አላሰበም።

ትምህርት ቤቱ ከኢምፔሪያል ብዙ የማይርቅ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ነው። ከተማው በየማለዳው አንድ ፎቅ ጨምሮ የሚነቃበት ዘመን ነበር። ከግቢው አጥር ማዶ ክሬኑ ይሽከረከራል፣ የሲሚንቶ መኪና ያጓራል፣ አቧራው በመስኮት ገብቶ ደብተር ላይ ይተኛል። አዲሱ ሀብት ግን አጥሩን ዘሎ አልገባም። በአንድ ክፍል ሰባ ተማሪ፣ ለሦስት ተማሪ አንድ መጽሐፍ። ስለዚህ ትምህርት ማለት ሰሌዳ ነበር፤ መምህሩ ይጽፋል፣ ተማሪው ይገለብጣል፣ ዳስተሩ ያጠፋል። ዳስተሩ የቀደመው ተማሪ ያን ቀን አልተማረም።

ገረመው የመንዝ ሰው ነው። ኮተቤ ሠልጥኖ፣ ሃያ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሮ፣ ዩኒት ሊደር ከሆነ በኋላም ሁለት የአሥረኛ ክፍል ሴክሽን አልለቅም ያለ ሰው። ሰዓት አያሳልፍም፣ ቃሉን አያጥፍም፣ ካልቸገረው አይስቅም። ተማሪዎቹ ያወጡለትን ስም ያውቃል፤ እነሱ ግን ሰምቶት የማያውቅ ይመስላቸዋል። በኮሪደሩ ብቅ ሲል ከበሩ አጠገብ የተቀመጠው ልጅ ወደ ውስጥ ይጮሃል፦

“ኔትወርክ ጠፋ!”

በዚያች ቅጽበት ስልክ ሁሉ ካልሲ ውስጥ፣ ጡት መያዣ ውስጥ፣ የዳቦ ፌስታል ውስጥ ይሰወራል።

ስልክ መስበር የተጀመረው በወላጆች ጉባኤ ነው፤ በ2003 ዓ.ም.። ያኔ የቻይና ስልክ እንደ አሸን ፈልቶ፣ ክፍል ውስጥ ይዘፍናል፣ ከእጅ ወደ እጅ የማይባል ቪዲዮ ይዞራል። እየተነጠቀ ለወላጅ ቢመለስም በሳምንቱ ተመልሶ ይመጣል። ጉባኤው ሲጨቃጨቅ ቆይቶ፣ ከኋላ ወንበር አንድ ረጅም ሰው ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ። ኦቦ ለሜሳ ይባላሉ። ዛሬ ፎቅ የበቀለበት መሬት ላይ ትናንት ጤፍ ሲዘሩ የኖሩ፣ አሁን የዚያው ፎቅ የሌሊት ዘበኛ የሆኑ፣ ሲናገሩ ሰው የሚያዳምጣቸው አባት ናቸው።

“እኔ የማውቀው ከብት ነው” አሉ። “የለመደ በሬ ሰብል ውስጥ ሲገባ ባለቤቱን ጠርታችሁ ብታስረክቡት፣ ነገም ይገባል። አንዱን ስበሩ። መቶው ያያል።”

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ቃለ ጉባኤ ተያዘ፣ ወላጅ ሁሉ ፈረመ። የመጀመሪያው ስልክ ሰኞ ማለዳ በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ፣ በሁለት ሺህ ተማሪ ፊት፣ በዚያች ትንሽ መዶሻ ተሰበረ። ገረመው ያን ቀን ምሳ አልበላም። በአምስተኛው ግን በላ። በሃያኛው ምን እንደበላ እንኳ አላስታወሰም።

ስልሳ ሦስተኛው የሰኚ ነበር።

ሰኚ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ናት። ረጅም ስለሆነች የኋላ ወንበር የተሰጣት፣ ድምፅዋ የማይሰማ፣ ደብተሯ ግን ከሁሉም የተሟላ። የኦቦ ለሜሳ ልጅ መሆኗን ገረመው ያውቃል። አንድ ሐሙስ፣ በ2005 መጋቢት፣ በእረፍት ሰዓት በመስኮት ሲያልፍ አያት። ክፍሉ ባዶ ነው። ሰኚ ብቻዋን ከፊት ቆማ ስልክ ከፍ አድርጋ ይዛለች። ራሷን ፎቶ የምታነሳ መሰለው።

“አምጪ” አላት ከበሩ።

ደነገጠች። ግን እንደሌሎቹ አልማለችም፣ የጓደኛዬ ነው አላለችም፣ አልለመነችውም። ስልኩን እጁ ላይ አስቀመጠችና ቀስ ብላ፦

“መምህር፣ እባክዎን ለአባቴ አይንገሩብኝ” አለች።

“አባትሽ አይደሉ እንዴ ስበሩ ያሉት!”

“ይስበሩት። ግን ለአባቴ አይንገሩ።”

ገረመው ይህን ለራሱ ተረጎመው። ስልኩ ቢሰበር ግድ የላትም፣ የምትፈራው በውስጡ ያለውን ነው፤ እንግዲያው በውስጡ ያለው ነውር ነው። አልጠየቃትም። ስልሳ ሁለት ጊዜ ያልጠየቀ ሰው፣ ስልሳ ሦስተኛው ላይ ለምን ይጠይቃል?

ሰኞ መዶሻዋ ወረደች። ስልኩ በአንድ ምት ተከፈለ፣ የጀርባው ቀይ ክዳን ተስፈንጥሮ ሦስት እርምጃ ያህል ወደ ሰልፉ ወደቀ። ተማሪው እየሳቀ ወደ ክፍሉ ሲተም ሰኚ ተመልሳ መጣችና መሬቱ ላይ ተንበረከከች። አፍንጫዋ አፈሩን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው፣ በጣቶቿ እየዳሰሰች ስብርባሪውን ትለቅም ጀመር። ቀዩ ክዳን ከጉልበቷ አጠገብ ፀሐይ ላይ ያብለጨልጫል። እሷ ግን በዙሪያው ትዳስሳለች እንጂ አታነሳውም።

“ተመልከቷት፣ ጤፍ እየለቀመች ነው!” አለ አንዱ።

ገረመው ነገሩ ከነከነው። ግን እንዲህ ያለውን ስሜት ለማባረር ልማድ ነበረው፤ ድራማ ነው አለ ለራሱ። ክዳኑን አነሳ። ከውስጡ ከጥፍር የማትበልጥ ሚሞሪ ካርድ ተለጥፋለች። ካርዷን ኪሱ ከተተ፤ የተለቀመውንም ስብርባሪ ከክዳኑ ጋር በፌስታል ያዘ፤ ለማስረጃ።

ማክሰኞ ኦቦ ለሜሳ ተጠርተው መጡ። ርእሰ መምህርቷ ወይዘሮ ትግስት ከጠረጴዛዋ ጀርባ፣ ኦቦ ለሜሳ ዱላቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው፣ ሰኚ ግድግዳ ተደግፋ ቆማ። ገረመው ስብርባሪውን ከፌስታል ጠረጴዛው ላይ አፈሰሰው። አባትየው ቀዩን ክዳን አንሥተው አገላበጡት።

“ይሄ… ይሄማ የቢሊሱማ ነው!”

ቢሊሱማ የመጀመሪያ ልጃቸው ነው። ስምንተኛ ክፍል እያለ ዓይኑ እየጨለመ ሄዶ፣ አንድ ቀን ቀለበት መንገዱን ሲሻገር የአሸዋ መኪና ለጥቂት ሳተው። ኦቦ ለሜሳ በማግስቱ ከትምህርት ቤት አስወጡት። ይኸው ስድስት ዓመት፣ ቤት። ሬዲዮ እንዲያዳምጥበት ብለው ያንን ስልክ የገዙለት እሳቸው ናቸው።

“የወንድምሽን ሬዲዮ ሰርቀሽ ነው?” አሉ ወደ ልጃቸው ዞረው። “ከማን ጋር ልትደዋወዪበት? ተናገሪ እንጂ!”

ሰኚ ወደ ግድግዳው ይበልጥ ተጠጋች።

“ሚሞሪው ተርፏል” አለ ገረመው፤ በሙሉ ልብ። “ሁላችንም እንየው። ልጅዎን ይወቋት።”

ጸሐፊዋ ካርዱን ኮምፒውተሯ ላይ ሰካችው። ወይዘሮ ትግስት የማይሆን ነገር ከመጣ ለመዝጋት እጇን ወደ ስክሪኑ ዘረጋች። ኦቦ ለሜሳ ፊታቸውን ወደ መስኮት አዞሩ።

የመጀመሪያው ፎቶ ተከፈተ። ጥቁር ነገር፣ በላዩ ነጫጭ መስመር። ሰሌዳ ነው።

“ቀጥይ” አለች ወይዘሮ ትግስት።

ሁለተኛው ሰሌዳ። ሦስተኛው፣ አሥረኛው፣ ሠላሳኛው ሰሌዳ። ባዮሎጂ፣ ሒሳብ፣ ሥነ ዜጋ። ከዚያ ገረመው የሚያውቀው ጽሕፈት መጣ፤ ጭራቸው የረዘመ ፊደላት፣ ከስሩ ሁለት ጊዜ የተሰመረ ርእስ። የራሱ እጅ ነው። ጸሐፊዋ ወደ ታች ወረደች፣ አሁንም ወረደች። ስምንት መቶ ምናምን ፎቶ። አንድ የሰው ፊት የለበትም። አንደኛው ላይ ብቻ ዳስተር የያዘ ክንድ ግማሹን ጽሑፍ ሲያጠፋ ይታያል፤ ያም ክንድ የገረመው ነበር።

ገረመው ወደ ሰኚ ዞረ።

“ምንድን ነው ይሄ?” አላት። “ከፊትሽ ተጽፎልሽ ለምን ፎቶ ታነሺዋለሽ?”

ያኔ የትናንቱ ቀይ ክዳን ትዝ አለው። ከጠረጴዛው ማዶ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ትልቅ የቀን መቁጠሪያ አመለከታት፤ ወሩ እንደ ክንድ በወፈረ ፊደል ተጽፏል።

“ያንን አንብቢልኝ።”

ሰኚ ግድግዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በፊቷ ዳበሰችው።

“የቱ ጋ ነው መምህር?”

የኦቦ ለሜሳ ዱላ ተንሸራቶ ሲሚንቶው ላይ ሲወድቅ የተሰማው ድምፅ ለገረመው ከመዶሻው ድምፅ በለጠበት። አባትየው ዱላውን አላነሡትም።

“እሷም?” አሉ። “እሷም?”

ከዚያ ተነሡ። የልጃቸውን አንጓ ያዙ፤ እንደሚቆጣ ሰው ሳይሆን ከገደል አፋፍ ልጅ እንደሚመልስ ሰው።

“ኦቦ ለሜሳ፣ ጥፋት የለባትም እኮ! ያዩት ትምህርት ነው…” አለ ገረመው።

“አየሁ። ያየሁት ይበቃኛል። አንዱን መኪና ሊበላብኝ ነበር። ሁለተኛ አልሰጥም። ከዛሬ ጀምሮ ቤቷ ትቀመጣለች።”

በሩ ላይ ሰኚ ዞር አለች፤ ወደ ድምፁ እንጂ ወደ ፊቱ አልነበረም።

“አይንገሩብኝ ብዬዎት ነበር መምህር።”

ረቡዕ አልመጣችም። ሐሙስም። ብሔራዊ ፈተናው ሁለት ወር ከምናምን ቀርቶታል። ገረመው ክፍል ገብቶ ርእስ ጻፈ፣ ሁለት ጊዜ ከስሩ አሰመረ፣ ከዚያ ዳስተሩን አንሥቶ ማጥፋት አቃተው። ሰባ ተማሪ እያየው ቆመ። ከመስከረም ጀምሮ ያቺ ልጅ እረፍቷን እየሠዋች፣ እሱ ቶሎ እንዳያጠፋው እየጸለየች፣ ሰሌዳውን ሰርቃ ቤቷ ወስዳ፣ ስልኩን ከዓይኗ አስጠግታ እያሰፋች ስትገለብጥ ነበር። እሱ ደግሞ ጽሕፈቷ አማረ ብሎ በደብተሯ ሌላውን ይገሥጽበት ነበር። ከዓይኗ አጠገብ የተያዘላትን ታነባለች፣ ፈተና ወረቀቱንም ታነበዋለች። ያልቻለችው ሰሌዳውን ብቻ ነው። ይህን ለማወቅ አንድ ጥያቄ ይበቃ ነበር።

ቅዳሜ ማለዳ ወደ ጎሮ አቅጣጫ በሚሄድ ታክሲ ተሳፍሮ፣ በኮንዶሚኒየም ተከብቦ የቀረውን የኦቦ ለሜሳን ግቢ ጠይቆ አገኘ። በሩ ላይ ቆሞ ሦስት ጊዜ ሳለ።

“መምህር ገረመው ነዎት፤ ይግቡ” አለ ከውስጥ የወጣት ድምፅ።

ገረመው ክው አለ። ከግድግዳው ሥር መደብ ላይ የተቀመጠው ልጅ አይቶት አያውቅም፤ አሁንም አያየውም፤ ዓይኖቹ ከራሱ በላይ ያለውን ቆርቆሮ ይመለከታሉ።

“እንዴት አወቅከኝ?”

“ሳሉን ነው። ሦስት ጊዜ ይስላሉ፣ ከዚያ ‘ዝም በሉ፣ ገበያ አይደለም’ ይላሉ። ሰኚ አንዳንዴ ድምፅም ትቀዳልኝ ነበር።”

ኦቦ ለሜሳ ከጓሮ መጡ። ሰላምታቸው ቀዝቃዛ ነው፤ ግን እንግዳ አያባርሩም፣ በርጩማ አቀረቡለት። ሰኚ ከውስጠኛው ክፍል በር ላይ ቆመች። ገረመው በመንገድ ሁሉ ያዘጋጀው ንግግር ጠፋው።

“የመጣሁት እንዲፈረድብኝ ነው” አለ። “የሰበርኩት እኔ ነኝ።”

“ስበሩ ያልኩት እኔ ነኝ” አሉ ኦቦ ለሜሳ። “ፍርዱ ለሁለታችን ነው። ልጄን ግን አልልክም። መምህር፣ እርስዎ መንገዱን ያውቁታል፤ የሚያይ ሰው እንኳ እያማተበ ነው የሚሻገረው። ዕውቀት ቀርቶባት በሕይወት ትኑርልኝ።”

“አባባ” አለ ቢሊሱማ፤ “መምህርን አንድ ነገር ልንገራቸውና ዝም ማለቴን እቀጥላለሁ።”

“ምን?”

“መምህር፣ ታኅሣሥ ላይ አዋሽን መቶ ሃያ ኪሎ ሜትር ብለው ጽፈዋል።”

ገረመው በርጩማውን ወደ መደቡ አስጠጋ።

“በእርስዎ ስሌት አዋሽ አፋርን ሳያይ መንገድ ላይ ይደርቃል። ሺህ ሁለት መቶ ነው። ዜሮ ነው የጎደለችዎት። ሰኚን አርሚው ብያት ነበር፤ መምህሩ የጻፉትን አትንኪ አለችኝ።”

“አትንካ ነው ያልኩት፣ አትንኪ አይደለም… ምን ይቀባጥራል!” አለች ሰኚ ከበሩ፤ ሳቅና እንባ አንድ ላይ እየተናነቃት። “ሲፈራ ምላሱ ይተሳሰርበታል።”

ኦቦ ለሜሳ ከአንዱ ወደ ሌላው ዞሩ። “አዋሽ ምን ያህል እንደሆነ አንተ ከየት ታውቃለህ?”

“ማታ ማታ ታነብልኛለች። እርስዎ ሥራ ሲወጡ። ከፎቶው ደብተሯ ላይ ስትገለብጥ ጮክ ብላ ነው፤ እኔ በቃሌ እይዛለሁ። ዘጠነኛን ጨርሻለሁ። አሥረኛ ባዮሎጂ አምስተኛው ምዕራፍ ላይ ነን።” ከዚያ ራሱን አረመ፦ “ነበርን።”

“ማን ነው ያስተማረህ?” አሉ አባትየው እንዳልሰማ ሰው። “ስድስት ዓመት እዚህ አስቀምጬህ… ማን አስተማረህ?”

“ያ የሰበራችሁት።”

ውጭ የሲሚንቶ መኪና አለፈ፤ ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ። ኦቦ ለሜሳ ተነሥተው ወደ ግቢው ወጡ። ገረመው በርጩማው ላይ ደርቆ ቀረ። አባትየው ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቷል፣ ዱላቸው በእጃቸው ነው።

“ሰልፉ ስንት ሰዓት ነው?”

“ሁለት ሰዓት ከሩብ።”

“ከዘበኝነት የምወጣው አንድ ሰዓት ነው። እኔ አሻግራታለሁ። ማታም እኔው እመልሳታለሁ።” ከዚያ ወደ ቢሊሱማ አገጫቸውን ቀሰሩ። “የዚህኛውን ደግሞ እናያለን። አሁን አትጠይቁኝ።”

ገረመው ከኪሱ የራሱን ስልክ አወጣ፤ ሲም ካርዱን ነቅሎ አስቀረና ስልኩን ከሚሞሪው ጋር መደቡ ላይ አኖረው።

ወይዘሮ ትግስት ሰኞ ማለዳ ይህን ስትሰማ ቃለ ጉባኤውን አስመጥታ ሁለት ጊዜ አነበበችው። “ተማሪ ስልክ ይዞ ከተገኘ ነው የሚለው። መምህር ስልኩን ጠመኔ ሳጥን ውስጥ ቢያስቀምጥ የሚከለክል አንቀጽ አላየሁም፤ ጋሽ ገረመው፣ እርስዎ አይተዋል?” አለችው። አላየሁም አለ። እንዲህ ሆኖ ስልኩ በጠመኔ ሳጥን ውስጥ ከመምህር ወደ መምህር መዞር ያዘ። ክፍለ ጊዜው ሲያበቃ መምህሩ ዳስተሩን ከማንሳቱ በፊት ሰኚ ከፊተኛው ወንበር ተነሥታ ሰሌዳውን ፎቶ ታነሳለች። የመጀመሪያ ቀን የሳቀ ነበር። ሁለተኛው ቀን አንዱ ከኋላ “ኔትወርክ መጣ!” ሲል ገረመውም ሳቀ። ሲወጡ ስልኩን ለኦቦ ለሜሳ በር ላይ ያስረክባል፤ ጠዋት ይረከባል።

በሳምንቱ ስልኩ ላይ አዲስ ነገር አገኘ። ፎቶ አይደለም፣ ድምፅ ነው። መምህራን ማረፊያው ውስጥ ከጆሮው አስጠጋው።

“መምህር፣ ቢሊሱማ ነኝ። ስለ ስምጥ ሸለቆ የጻፉት ገብቶኛል። ግን መሬቱ በየዓመቱ እየተራራቀ ነው ብለዋል፤ የሚራራቅ ከሆነ በመጨረሻ መሃሉን ምን ይሞላዋል? ሰኚን ብጠይቃት ፈተና ላይ አይመጣም አለችኝ። እኔ ፈተና የለብኝም፤ ለማወቅ ነው።”

ገረመው መልሶ ከፈተው። ሦስተኛ ጊዜም ሰማው። በሃያ ዓመት ውስጥ ለፈተና ያልሆነ ጥያቄ የጠየቀው ተማሪ ስንት ነው ብሎ ሲያስብ አንድም ፊት አልመጣለትም፤ ይህኛውም ቢሆን ክፍሉ ገብቶ አያውቅም። የመቅጃውን ቁልፍ ተጭኖ መልሱን ጀመረ፤ ከመጀመሩ በፊት ሦስት ጊዜ ሳለ።

ደወሉ ሲደወል ጠመኔ ሊወስድ መሳቢያውን ሳበ። መዶሻዋ እዚያው ተጋድማለች፤ ራሷ ላይ የመስታወት ፍንካች ተጣብቋል። ለወንበር እግር እንኳ ሊያነሳት እጁ እምቢ አለው። ስልሳ ሦስት፣ አለ በሆዱ። አንዱን ከፍቶ አየ፤ ያውም ከሰበረው በኋላ። ስልሳ ሁለቱ ውስጥ ዘፈን ይኖራል፣ ነውርም ይኖራል፤ ጥርጥር የለውም። ሌላስ? ስልካቸው ሲሰበር በሰልፉ ላይ ቆመው ያዩትን ልጆች አንድ በአንድ ሊያስታውስ ሞከረ። ሁለቱን ብቻ አስታወሰ። ከሁለቱ አንደኛዋ በዚያው ሳምንት ትምህርት አቋርጣ ቀርታ ነበር፤ ለምን እንደቀረች የጠየቀ አልነበረም።

መሳቢያውን ዘጋና የዚያች ልጅ ስም ያለበትን የቆየ መዝገብ ሊፈልግ ወደ ሬከርድ ቢሮ ሄደ።